ለመካነ ሰላም ሁለተኛ የብርሃን መንገድ

ኔትወርክ ሲጠፋ ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው። ስልኩን ከፍ እናደርጋለን፣ ኤርፕሌን ሞድ አብርተን እናጠፋለን፣ ከዚያ ወደ ታወሩ አንጋጠን "ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?" እንላለን። ታወሩ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ችግሩ እኛ ከማናየው ቦታ፣ ምናልባትም ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አንድ ቦይ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ስልካችሁ ያለ ገመድ የሚሠራው እስከ ታወሩ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የቲክቶክ ቪዲዮውም፣ የቴሌግራም መልእክቱም፣ የቴሌብር ክፍያውም አብዛኛውን ጉዞ የሚያደርገው በመስታወት ክር ውስጥ ነው። ፋይበር ኦፕቲክ የምንለው እሱን ነው።

አሁን ካርታ ክፈቱና መካነ ሰላምን ፈልጉ። የደቡብ ወሎዋ ቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በምዕራብ የአባይ በረሃ ከጎጃም ይለያታል፤ በሰሜን ሳይንት፣ በደቡብ ወግዲ፣ በምሥራቅ ለጋምቦ አሉ። የደሴው መንገድ በአቀስታ አድርጎ ደጋውን ይዞ ይሄዳል። ባጭሩ ጥግ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጥግ ላይ ላለ ከተማ ደግሞ ከፍጥነት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ብርሃኑ የሚመጣበት መንገድ ስንት ነው?

ክሩ እንዴት ይሠራል?

የአንዱ ክር ውፍረት 0.125 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከራስ ፀጉር ብዙም አይበልጥም። ብርሃኑ የሚሄድበት እምብርቱማ 0.009 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዙሪያው ያለው መስታወት ብርሃኑን ወደ ውስጥ ስለሚመልሰው ክሩ ቢጎብጥም ብርሃኑ አብሮት ይታጠፋል። ዳታው የሚተላለፈው ብርሃኑን በጣም በፍጥነት እየቀያየሩ ነው።

ሐሳቡን መሠረት ያስያዘው ቻርልስ ካኦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 እንግሊዝ አገር ሲሠራ "መስታወቱ ከቆሻሻ ከጸዳ ብርሃን ሩቅ ይወስዳል" የሚል ጥናት አወጣ፤ ለዚህም በ2009 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ያኔ ግቡ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶ አንድ እጅ ብርሃን እንዲተርፍ ነበር። ዛሬ 15 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላም ግማሹ ይተርፋል።

ታዲያ ቪዲዮው ለምን ይዞራል?

ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ስለዚህ 600 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር ለመጨረስ የሚፈጅበት 3 ሚሊ ሰከንድ ነው። የአገራችን ተራራ ለብርሃን ምኑም አይደለም። ቪዲዮው የሚዞረው ብዙውን ጊዜ በሌላ ምክንያት ነው፦ ማታ ማታ አንዱን ታወር ብዙ ሰው ስለሚጋራው፣ ታወሩ ራሱ ከፋይበር ጋር ሳይገናኝ በማይክሮዌቭ ሬዲዮ ከሌላ ታወር ስለሚቀበል፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ባትሪው ስለሚደክም።

ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ፍጥነት መለኪያ አፕ ክፈቱና በተለያየ ሰዓት ለኩ። ንጋት ላይ ጥሩ ሆኖ ምሽት ላይ ከወረደ የተጠቃሚ መብዛት ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ሙሉ ወረዳው በአንድ ጊዜ ጭር ካለ ግን ጥርጣሬው ወደ ዋናው መስመር ይሄዳል።

ዋናው መስመር ሲቆረጥ

ፋይበር በብዙ ምክንያት ይቆረጣል። መንገድ የሚሠራ ኤክስካቫተር ይመታዋል፣ የክረምት ናዳ ይጎትተዋል፣ መዳብ መስሎት የሚቆርጥም አለ። ለነገሩ ክሩ ውስጥ የሚሸጥ መዳብ የለም፤ መስታወት ነው። ባለሙያዎች ከአንዱ ጫፍ ብርሃን ልከው የሚመለሰውን ነጸብራቅ ሰዓት በመለካት የተቆረጠበትን ቦታ ያገኛሉ። ከዚያ ግን እዚያ ድረስ መሄድ፣ መቆፈርና ክሮቹን አንድ በአንድ በኤሌክትሪክ ብልጭታ መበየድ አለ። በደጋ ጭቃ ይህ የሰዓታት፣ አንዳንዴም የቀናት ሥራ ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ቀለበት ይባላል። ወደ ከተማው ሁለት የተለያዩ መስመሮች ከገቡ አንዱ ሲቆረጥ መሣሪያው በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ወደ ሌላው ማዞር ይችላል። እናንተ ሳታውቁት ያልፋል። ለመካነ ሰላም ይህ ማለት አንዱ መስመር በአቀስታ ወደ ደሴ፣ ሌላው አባይን ተሻግሮ በጉንደወይን በኩል ወደ ጎጃም ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ መንገድ ዳር፣ በአንድ ቦይ ከተቀበሩ ግን አንዱ ናዳ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል፤ ያ ቀለበት አይባልም።

ወጪው በአብዛኛው ቁፋሮው ነው። ሲሠራ የነበረ መንገድ ዳር ባዶ ቱቦ አብሮ ከተቀበረ ገመዱን በኋላ መግፋት ቀላል ነው። ሌላም አማራጭ አለ። በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ምሰሶዎች አናት ላይ የሚዘረጋው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ውስጡ ፋይበር ሊይዝ ይችላል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እንዲህ ያለ ፋይበር ለቴሌኮም ኩባንያዎች ያከራያል።

አገሪቱም በዚሁ ስሌት ነው የምትሄደው። ባሕር በር ስለሌለን ወደ ባሕር ስር ኬብሎች የምንደርሰው በጎረቤት አገሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ኢትዮ ቴሌኮም ከጅቡቲ ቴሌኮምና ከሱዳቴል ጋር ጅቡቲን፣ ኢትዮጵያንና ሱዳንን የሚያገናኝ "ሆራይዘን" የተባለ የየብስ ፋይበር ለመዘርጋት የተስማማውም ለዚህ ነው።

ከፊታችን ያለው

ዓለም ላይ ውድድሩ ጦፏል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2025 እንደተለመደው ፋይበር በቀጠነ አንድ ክር ውስጥ 19 እምብርት አድርገው፣ በሰከንድ ከአንድ ሚሊዮን ጊጋቢት በላይ ዳታ 1,808 ኪሎ ሜትር አሻግረዋል። በዚያው ዓመት የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እምብርቱ አየር የሆነ ፋይበር ከተለመደው መስታወት ያነሰ ብርሃን እንደሚያባክን አሳይተዋል። ብርሃን በአየር ውስጥ ስለሚሄድ ፍጥነቱም በግማሽ ገደማ ይጨምራል።

ለእኛ ግን ቀድመው የሚጠቅሙት ቀለል ያሉት ናቸው። አንደኛ፣ በአንድ ክር ብዙ የብርሃን ቀለማት መላክ ይቻላል፤ ስለዚህ የተቀበረውን ገመድ ሳይነኩ ጫፍና ጫፍ ያለውን መሣሪያ ብቻ ቀይሮ አቅሙን ማብዛት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ለቤት የሚገባው ፋይበር መሀል ላይ መብራት በማይፈልግ ማከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይካፈላል፤ መብራት ለሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሦስተኛ፣ ፋይበሩ ራሱ ጆሮ እየሆነ ነው። በክሩ ላይ የሚደርሰውን ንዝረት በመለካት በአካባቢው ሰው ሲቆፍር ወይም መሬቱ ሲንቀሳቀስ ገመዱ ሳይቆረጥ ማወቅ ተችሏል። ናዳ ለሚበዛበት የወሎ ደጋ ከዚህ የተሻለ ጠባቂ የለም።

ይህ ሁሉ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኦንላይን ተሰጥቷል። መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ያለባት ከተማ ናት። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር አለ፤ ገበያ ቀን መስመሩ ሲጠፋ በስልኳ ብቻ ብር የያዘች ልጅ ጤፉን ትታ ትመለሳለች።

አንድ ነገር ግን ሳይባል መታለፍ የለበትም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ የጠፋው በናዳ አልነበረም። እንዲህ ያለውን መዘጋት የትኛውም ቀለበት፣ የትኛውም አዲስ ክር አይፈታውም። የቴክኒክ ብልሽትና የሰው ውሳኔ የተለያዩ ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

ቴክኒኩን በተመለከተ ግን ከእናንተ የሚጠበቅ አለ። በአካባቢያችሁ መንገድ ሲቆፈር ካያችሁ "ለፋይበር ቱቦ አብሮ ይቀበራል ወይ?" በሉ። የኔትወርክ ማስፋፊያ ሲነገር "ፍጥነቱ ስንት ነው?" ከማለታችሁ በፊት "ሁለተኛው መስመር በየት በኩል ይገባል?" ብላችሁ ጠይቁ። ቦዩ ከተደፈነ በኋላ ከሚጠየቅ ይልቅ ተከፍቶ ሳለ መጠየቁ ይረክሳል።