ኩኩና አሳዳጊዎቿ፦ በድምፅ የሚካሄድ የአዝጋሚ ለውጥ ፉክክር

የወፎች ዜማ ለእኛ የንጋት ጌጥ ነው። ለራሳቸው ለወፎቹ ግን ድምፅ ግዛት ማስከበሪያ፣ ተጓዳኝ መጥሪያና የአደጋ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አንዳንዴም የማታለያ መሣሪያ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የራሷን ጎጆ በማትሠራው በኩኩ ወፍና ጫጩቷን ሳያውቁ በሚያሳድጉላት ወፎች መካከል ያለውን ፉክክር ከድምፅ አንጻር እንመለከታለን።

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ አቅራቢያ በሚገኘው የዊከን ፌን ረግረግ፣ በሸምበቆ መካከል ጎጆ የምትሠራ፣ 12 ግራም ገደማ የምትመዝን ትንሽ ወፍ ትኖራለች፤ «የሸምበቆ ወፍ» እንበላት። ሴቷ ኩኩ ከዚህች ወፍ ጎጆ አንድ እንቁላል አንሥታ የራሷን ትተካለች። ይህን ሁሉ የምትፈጽመው በ10 ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያም የጭልፊትን ጩኸት የሚመስል ድምፅ ታሰማለች። ጄኒ ዮርክና ኒክ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ይህን ድምፅ የሰሙ የሸምበቆ ወፎች ለራሳቸው ደኅንነት ስለሚሠጉ ባዕዱን እንቁላል አውጥተው የመጣላቸው ዕድል ይቀንሳል።

የኩኩ ጫጩት እንደተፈለፈለ ዓይኑ ሳይገለጥ ሌሎቹን እንቁላሎች በጀርባው እየገፋ ከጎጆው ይጥላል። ይሁን እንጂ ብቻውን መቅረቱ ሌላ ችግር ያመጣበታል። አሳዳጊዎቹ የሚያመጡት ምግብ በሚያዩት የተከፈተ አፍ ስፋትና በሚሰሙት ጩኸት የሚወሰን ሲሆን፣ እርሱ ያለው አንድ አፍ ብቻ ነው። ጉድለቱን የሚያካክሰው በድምፅ ነው፤ እጅግ ፈጣን ጩኸቱ የብዙ ጫጩቶችን የአንድነት ጩኸት ይመስላል። ዴቪስ፣ ኪልነርና ኖብል እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሙከራ፣ በመጠን የሚቀራረበው የሌላ ዝርያ ጫጩት በጎጆው ውስጥ ሲቀመጥ ያገኘው ምግብ ያነሰ ነበር። የኩኩው ጫጩት ጩኸት በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ግን አሳዳጊዎቹ የሚያመጡት ምግብ ጨመረ።

ታዲያ እንቁላልን የሚለዩ ወፎች ጫጩትን መለየት ለምን ተሳናቸው? አርኖን ሎተም እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበው ማብራሪያ የሚከተለው ነው። ወላጆች የልጆቻቸውን መልክ ከመጀመሪያው ጎጆ ይማራሉ እንበል። በዚያ ጎጆ የቀረው የኩኩ ጫጩት ብቻ ከሆነ «የእኔ ልጅ ይህን ይመስላል» ብለው ይማራሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወልዷቸውንም እውነተኛ ልጆቻቸውን ይጥላሉ። እንዲህ ያለው ትምህርት ከኩኩ ጥቃት የከፋ ኪሣራ ስለሚያስከትል የተፈጥሮ ምርጫ አይደግፈውም።

በአውስትራሊያ የምትገኝ ሌላ ትንሽ ወፍ ግን ይህን ወጥመድ የምታልፍበት መንገድ አላት። ኮሎምቤሊ ኔግሬልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳስታወቁት፣ እናቲቱ እንቁላሎቹን ታቅፋ ሳለች ልዩ ድምፅ ታሰማቸዋለች፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ ምግብ ሲለምኑ ያንኑ ድምፅ እንደ ይለፍ ቃል ይጠቀማሉ። የኩኩው እንቁላል ቀድሞ ስለሚፈለፈል ለመማር ያለው ጊዜ አጭር ነው። እዚህ ላይ የሚማረው ወላጅ ሳይሆን ልጅ በመሆኑ፣ እናት የባዕድ ልጅን መልክ በስሕተት የምትማርበት አጋጣሚ አይኖርም።

ከዚህ የምንረዳው አዝጋሚ ለውጥ ፍጹም መከላከያ እንደማይሠራ ነው። አንዱ ወገን መለያ ሲያበጅ ሌላው ማስመሰያ ያበጃል፤ እያንዳንዱ ስልትም የሚመዘነው በሚያስገኘው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ስሕተት ሲፈጠር በሚያስከፍለው ዋጋ ጭምር ነው።