የበርኖስ ሁለት እርጅና

ጥቁር የመንዝ በርኖስ ለዓመታት ሲለበስ ቀድሞ የሚለወጠው ትከሻው ነው። እጥፋቱ ውስጥ ያለው ጥቁረቱን ይዞ ይቆያል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ግን ወደ ቡናማ፣ ሲብስም ወደ ዳማ ይሄዳል። ያየ ሰው «አረጀ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ዳሩ ግን በደብረ ብርሃን ጎዳና በርኖስን ከወንዶች ትከሻ ያወረደው ይህ እርጅና አይደለም።

በርኖስ የሚሠራው ከበግ ጸጉር ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ከበጉ ጋር የተወለደ ሜላኒን ነው፤ የእኛንም ጸጉር የሚያጠቁረው እሱው ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ከአየሩ ኦክስጅን ጋር አብሮ ሲያጠቃው ሞለኪዩሉ ይፈርሳል፣ ጥቁረቱም ይለቃል። ነጭ ጸጉር ደግሞ ቢጫ ይሆናል። ጸጉሩ የተሠራበት ኬራቲን የተባለው ፕሮቲን ውስጥ ትሪፕቶፋን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ እሱ ጨረሩን ሲውጥ ወደ ቢጫ ውህዶች ይለወጣል። ባና፣ ማለትም ከበግ ጸጉር የሚሠራው ብርድ ልብስ፣ ታጥቦ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ደግሞ ለውጡ ይፈጥናል። ከባሕር ወለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ደብረ ብርሃን ያለችው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ብርዷ ወፍራም ልብስ ያስለብሳል፣ ፀሐይዋ ያንኑ ልብስ ታደበዝዛለች።

ይሁን እንጂ ትከሻው የደበዘዘ በርኖስ ማሞቁን አላቆመም። የበግ ጸጉር የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ወደ ውስጡ ስቦም ሲዳሰስ እርጥብ አይመስልም። ውሃው ከኬራቲኑ ጋር ሲጣበቅ ሙቀት ይለቀቃል። አንድ ኪሎ ደረቅ ጸጉር እርጥበት እስኪጠግብ ድረስ 960 ኪሎጁል ገደማ ይሰጣል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ማለት ነው። ሙቀቱ የሚወጣው ቀስ እያለ ነው፤ እረኛ ከደረቅ ቤት ወጥቶ ወደ አንኮበር ጉም ሲገባ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። የዘመኑ ብርድ ልብስና ሹራብ በብዛት የሚሠራበት አክሪሊክ የሚስበው እርጥበት 2 በመቶ ቢሆን ነው። በእሳት ዳርም ልዩነት አለ። የበግ ጸጉር መንደዱን ለመቀጠል 25 በመቶ ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል፤ አየራችን ውስጥ ያለው 21 በመቶ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። አክሪሊክ ግን ይቀልጣል፣ ይነድዳል።

ታዲያ በርኖስን ምን ጣለው? በእኔ እምነት ድካሙ ነው። በጉ ይሸለታል፣ ጸጉሩ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ከሸማኔ ይደርሳል። ባናውም ሆነ የበርኖሱ ጨርቅ እንዲጠብቅ በሞቀ ውሃ እየራሰ ይረገጣል። እያንዳንዱ ጸጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ልባስ አለው፤ በሙቀት፣ በእርጥበትና በመረገጥ ጸጉሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየተሳቡ ይቆላለፋሉ፣ ወደ ኋላ አይመለሱም። ነፋስና ካፊያ የሚመልሰው ጥብቀት የሚገኘው ከዚህ ነው። ይህ ሁሉ የብዙ ሰው የብዙ ቀን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በሌላ በኩል በዚያው አቆጣጠር በ1950 ለገበያ የቀረበው አክሪሊክ ዓለምን እያዳረሰ መጣ፤ ሰልባጅ ጃኬትም ገበያው ውስጥ ተከመረ። በዋጋና በጊዜ የተሸነፈው በርኖስ ቀስ በቀስ «የሽማግሌ»፣ «የገጠር» ተባለ። ስያሜው የመጣው ከሽንፈቱ በኋላ ነው፤ እኛ ግን የሽንፈቱ ምክንያት አድርገን እንወስደዋለን።

መደብዘዝ በራሱ ልብስን እንደማያስንቅ ለማየት ጂንስ ከሚሸጥበት ሱቅ ፊት መቆም ይበቃል። ጉልበቱ ላይ የነጣው ሱሪ አዲስ ነው፤ ማንም ለብሶት አያውቅም። የጂንስ ሰማያዊ ማቅለሚያ፣ ኢንዲጎ፣ ክሩን ከላይ ከላይ ብቻ ስለሚሸፍን በቀላሉ ይፋቃል። ፋብሪካው ሱሪውን ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር በማጠቢያ ማሽን ያንከባልለዋል፤ ወይም የጥጡን ገጽ በሚበላ ኢንዛይም ያጥበዋል። ጉልበቱ እንዲነጣ ሲፈለግ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ይረጭበታል፤ ይህም ቀለሙን በኦክሲዴሽን ያፈርሰዋል። የበርኖሱን ትከሻ ያደበዘዘውም ኦክሲዴሽን ነው! አንዱን ለማስመሰል ገንዘብ ይከፈላል፣ ሌላው በእውነት ስለደበዘዘ ይጣላል። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም፤ የአንድ አባት ትከሻ ለዓመታት የተሸከመው ፀሐይ ከማሽን ጭረት የሚያንስ አይደለም።

የመንዝ በግ ዛሬም አለ፤ ገበያ ላይ ግን ዋጋው የሚቆረጠው በሥጋው ነው። ቤቱ ውስጥ በርኖስ ወይም ባና ያለው ሰው አጥቦ ጥላ ላይ ያስጣው። ብል የሚወደው ጨለማና ላብ የነካው ጸጉር ነውና ንጹሑንና ደረቁን ያስቀምጥ፣ በየጊዜውም አውጥቶ በደንብ ያራግፈው። ሙቅ ውሃና እሽት ግን ይቅርበት፤ ያው መቆላለፍ ዳግመኛ ይጀምርና ልብሱ ይሰበሰባል።