ካኖን የጋረደው ፓሄልቤል

የጀርመናዊው ዮሐን ፓሄልቤል ስም ሲነሳ አብዛኛው አድማጭ የሚያውቅለት አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ሠርጎች ሙሽሪት ስትገባ የሚደመጠውን ካኖን። እሱ በሕይወት ሳለ ግን የተከበረው በኦርጋን ነበር።

ፓሄልቤል እ.ኤ.አ. በ1653 በኑረምበርግ ተወለደ። ኤርፉርት ውስጥ ለ12 ዓመታት በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫውቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1706 እስኪሞትም በትውልድ ከተማው የቅዱስ ሴባልድ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኒስት ነበር። ካስተማራቸው አንዱ ዮሐን ክሪስቶፍ ባክ ነው፤ እሱ ደግሞ በተራው ታናሽ ወንድሙን፣ ታላቁን ዮሐን ሴባስቲያን ባክን አስተምሯል።

ካኖኑ ለሦስት ቫዮሊንና ለአጃቢ ባስ የተጻፈ ነው። ባሱ ስምንት ኖታዎችን ምንም ሳይለውጥ 28 ጊዜ ይደጋግማል። አንደኛው ቫዮሊን ዜማውን ይጀምራል፤ ሁለተኛው ከሁለት ሜዠር በኋላ ያንኑ ዜማ ይዞ ይገባል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ ይከተላል። ከካኖኑ ጋር የተጻፈ ዢግ የሚባል ፈጣን ጭፈራም አለ፤ ዛሬ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው፤ ደራሲው ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ዝናው የመጣው ደግሞ ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ፓያር እ.ኤ.አ. በ1968 ዝግ ባለ አካሄድ በሸክላ ካስቀረጸው ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 «ኦርዲነሪ ፒፕል» በተባለው ፊልም ሲገባ ደግሞ ይበልጥ ተስፋፋ።

የኦርጋን ሥራዎቹ ለምን አብረው አልታወቁም? ብዙዎቹ በሉተራን መዝሙሮች ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ መዝሙሩን የማያውቅ ሰው ግማሽ ጣዕማቸው ያመልጠዋል። ኦርጋኑም ራሱ ከቤተ ክርስቲያን አይወጣም። ካኖኑን ግን አራት ሰዎች የትም ቦታ ሊጫወቱት ይችላሉ። ባሱ በየሁለት ሜዠሩ ወደ መነሻው ስለሚመለስ፣ ሙሽሪት ቶሎ ብትደርስ ሙዚቀኞቹ እዚያው ላይ ይዘጉታል፤ ብትዘገይ ይደግሙታል።

ካኖኑን የወደደ ሰው ቀጥሎ ሊያደምጠው የሚገባው በኤፍ ማይነር የተጻፈውን የኦርጋን ቻኮን ነው። እሱም የተሠራው በዚያው ዘዴ ነው፤ አራት ኖታዎች ወደ ታች እየወረዱ ይደጋገማሉ፣ በላያቸው ያለው ዜማ ደግሞ በየዙሩ ይለዋወጣል። የሚጎድለው የሠርግ ዝና ብቻ ነው።