ፈጣኑ ሞተር የትኛው ነው?

ቆቦ ላይ ሞተር የሚጠግን ሰው ከቦክሰርና ከአፓቼ ክርክር አያመልጥም። ነገሩ ሲከር ደግሞ ከዓለም አንደኛው ማን ነው ወደሚለው ይዞራል። የሙያዬን መልስ ላስቀምጥ።

1. መጀመሪያ መለኪያው ላይ እንስማማ። በ2016 እ.ኤ.አ. ቱርካዊው ኬናን ሶፉኦግሉ ካዋሳኪ ኤች2አርን በኦስማንጋዚ ድልድይ ላይ ሲነዳ ቆጣሪው 400 ኪሎ ሜትር በሰዓት አሳይቷል። ኤች2አር ግን ለውድድር ሜዳ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ታርጋ አይወጣለትም። ታርጋ ካላቸው በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሱዙኪ ሃያቡሳ 300ን አለፈ። ከዚያ በኋላ ታላላቆቹ አምራቾች 299 ላይ ለመገደብ ተስማሙ። ብዙዎቹ በወረቀት እኩል የሚሆኑት ለዚህ ነው።

2. ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ የአየሩን ግፊት ብቻ ለማሸነፍ እንኳ ስምንት እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። አፓቼ 180 ከቦክሰር 150 በጉልበት ይበልጣል፤ ሆኖም የላላ ካቴና፣ የተበላ ጥርስና በአቧራ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ብልጫውን ይውጡታል። የቆላችን ሙቀትም አየሩን ስለሚያሳሳው ሞተሩን ያደክመዋል።

3. ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚኬደው ርቀት አራት እጥፍ ነው። የቆቦ–አላማጣ ሜዳ ነዳጅ ያስሰጣል፤ ግመልና ከብት ግን ድንገት አስፋልት ይገባሉ።

ወንድሞቼ፣ ከመፎካከራችሁ በፊት የፍሬን ሸራና ጎማችሁን አስፈትሹ፤ ሄልሜት ለተሳፋሪም ያዙ።