የሴንሰር ዝምታ፦ ኤምኪውቲቲ መሣሪያዎችን ከክላውድ ጋር እንዴት ያገናኛል?

በጤና ጣቢያ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጡ አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው የሙቀት ክልል ውስጥ መቆየት እንዳለባቸው ይታወቃል። ሙቀቱ ከዚህ በላይ ሆኖ ሲሰነብት ክትባቱ ኃይሉን እያጣ ይሄዳል፤ በረዶ እስኪሠራ ድረስ ከቀዘቀዘ ደግሞ እንደ ቴታነስና ሄፓታይተስ ቢ ያሉት ክትባቶች ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። ችግሩን የሚያከብደው የተበላሸው ብልቃጥ በዓይን ሲታይ ከደህናው ላይለይ መቻሉ ነው። በመሆኑም በፍሪጁ ውስጥ የሙቀት ሴንሰር አኑሮ ንባቡን በኢንተርኔት አማካይነት ራቅ ወዳለ ኮምፒውተር ማስተላለፍ ተገቢ መፍትሔ ሆኖ ይታያል።

አሁን ሌሊት በጤና ጣቢያው መብራት ጠፋ እንበል። ከመብራቱ ጋር ሴንሰሩም፣ የኢንተርኔት መስመሩም አብረው ጠፉ። በከተማ ሆኖ ስክሪኑን የሚመለከተው ባለሙያ የሚያየው ከመጥፋቱ በፊት የተላከውን የመጨረሻ ንባብ፣ ማለትም 5.2 ዲግሪን ነው። ቁጥሩ መልካም ነው፤ ፍሪጁ ግን እየሞቀ ነው። ደህና ሆኖ ዝም ያለ መሣሪያና ሞቶ ዝም ያለ መሣሪያ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ይህን ልዩነት በምን እንወቅ የሚለው ጥያቄ ሴንሰሮችን ከክላውድ ጋር የማገናኘት ሥራ ዋነኛ ጥያቄ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኤምኪውቲቲ የተሰኘው የግንኙነት ፕሮቶኮልም በዚህ ዓይን ሲታይ አሠራሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

ፕሮቶኮሉን እ.ኤ.አ. በ1999 የነደፉት የአይቢኤም ባልደረባ የነበሩት አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና የአርኮም ባልደረባ የነበሩት አርለን ኒፐር ናቸው። ዓላማቸው ረጅም ርቀት የሚያቋርጡ የነዳጅ ቧንቧዎችን የሚቆጣጠሩ መሣሪያዎችን በሳተላይት መስመር ማገናኘት ነበር። የሳተላይት መስመር በዚያ ዘመን ጠባብ፣ ውድና በየጊዜው የሚቋረጥ ስለነበረ ሁለቱ መሐንዲሶች መስመሩ ይቆረጣል ከሚል ግምት ተነሡ። አብዛኞቹ የኢንተርኔት ፕሮቶኮሎች መቋረጥን እንደ ስሕተት ሲቆጥሩት ይህኛው እንደ ዕለት ተዕለት ሁኔታ ይቆጥረዋል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2010 ፕሮቶኮሉን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው፤ በ2014 ኦኤሲስ የተባለው የደረጃዎች ድርጅት 3.1.1 የተሰኘውን እትም በደረጃነት አጸደቀው፤ 5.0 የተሰኘው እትም በ2019 ተከተለ። ስሙ የመጣው ኤምኪው ከተሰኘው የአይቢኤም የምርት ቤተሰብ ሲሆን ዛሬ እንደ ምህጻረ ቃል አይቆጠርም።

በኤምኪውቲቲ አሠራር ሴንሰሩና የንባቡ ተጠቃሚ በቀጥታ አይተዋወቁም። በመካከላቸው ብሮከር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ቃሉም በአማርኛ ደላላ ማለት ነው። ሴንሰሩ ንባቡን ለብሮከሩ ይሰጣል፤ ንባቡን የሚፈልግ ፕሮግራምም አስቀድሞ ለብሮከሩ ምን እንደሚፈልግ ያስመዘግባል። እንደ ጋዜጣ ደንበኝነት ያለ ነገር ነው፤ አዲስ እትም ሲመጣ ብሮከሩ ለደንበኞቹ ሁሉ ያድላል። (ከሰፈራችን ደላላ የሚለየው ሁለቱ ወገኖች እንዲገናኙ ፈጽሞ አለማድረጉና ኮሚሽን አለመጠየቁ ነው፤ ክላውድ ላይ ሲቀመጥ ግን በመልዕክት ብዛት የሚያስከፍል ባለቤት አለው።) የዚህ አሠራር ጥቅም ቀላል አይደለም። ሴንሰሩ የአንድን ኮምፒውተር አድራሻ ብቻ ያውቃል። ነገ የማንቂያ ደወል፣ ከነገ ወዲያ የወርሃዊ ዘገባ ፕሮግራም ቢጨመር በሴንሰሩ ውስጥ የሚለወጥ አንድም ነገር የለም።

መልዕክቶቹ የሚለዩት በርዕስ ነው። ርዕሱ በዝባዝ መስመር የተከፋፈለ የፊደላት ሰንሰለት ሲሆን ለሦስተኛው ፍሪጃችን «ጤና/ፍሪጅ/3/ሙቀት» የሚል ርዕስ ልንሰጠው እንችላለን። «ጤና/ፍሪጅ/+/ሙቀት» ብሎ የተመዘገበ ደንበኛ የፍሪጆቹን ሁሉ ሙቀት ያገኛል፤ «ጤና/#» ያለው ደግሞ ከጤና በታች ያለውን ሁሉ። ርዕሱን በአማርኛ መጻፌ ለማሳመር አይደለም፤ ደረጃው ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የፊደላት ኮድ ስለሚቀበል በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል። ዋጋ ግን አለው። በዚህ ኮድ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚጽፍ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ አይደርስም፤ «ጤና» 6 ባይት ሲሆን በላቲን ፊደላት ቢጻፍ 4 ባይት ይሆናል።

ከላይ የሰጠነው ርዕስ 8 የግዕዝ ፊደላት፣ 3 ዝባዝ መስመሮችና አንድ አኃዝ አሉት፤ ስለዚህ 28 ባይት ነው። «5.2» የሚለው ንባብ 3 ባይት ይጨምራል። ፕሮቶኮሉ ራሱ የሚጨምረው 2 ባይት መነሻ፣ 2 ባይት የርዕሱ ርዝመት፣ የመድረስ ማረጋገጫ ከተጠየቀም 2 ባይት የመልዕክት መለያ ቁጥር ነው። ድምሩ 37 ባይት ይሆናል። ብሮከሩ «ደርሶኛል» ብሎ የሚመልሰው 4 ባይት ብቻ ነው። ከሥር ያለው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ቢያንስ 40 ባይት እንደሚጨምርበት ግን መዘንጋት የለበትም። ይህም ሆኖ አንድ ተራ የድረ ገጽ ጥያቄ በራስጌው ብቻ ብዙ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ባይቶችን ከሚፈጅበት ጋር ሲነጻጸር ቁጠባው ግልጽ ነው።

መልዕክቱ መድረሱን በተመለከተ ሦስት የዋስትና ደረጃዎች አሉ። በደረጃ 0 መልዕክቱ ይላካል፤ ቢጠፋ ማንም አይጠይቅም። በደረጃ 1 ማረጋገጫ እስኪመጣ ድረስ ላኪው መልዕክቱን ይይዘዋል፤ መስመር ተቆርጦ ሲመለስም ደግሞ ይልከዋል፤ ስለዚህ አንዱ መልዕክት ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላል። በደረጃ 2 አራት ፓኬቶች ተመላልሰው መልዕክቱ በትክክል አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደርስ ይደረጋል። ጀማሪዎች ከፍተኛው ደረጃ ምንጊዜም የተሻለ ይመስላቸዋል። ለሙቀት ንባብ ግን በእኔ አስተያየት ደረጃ 1 በቂ ነው፤ የተለካበት ሰዓት አብሮ ከተላከ አንዱ ንባብ ሁለት ጊዜ ቢመጣ ጉዳት የለውም። ከዚህም ሌላ የአማዞን አይኦቲ ኮርም ሆነ የማይክሮሶፍት አዡር አይኦቲ ሃብ ደረጃ 2ን አያስተናግዱም። በሌላ በኩል ለአርዱይኖ በሰፊው የሚታወቀው ፐብሰብክላየንት የተሰኘው ላይብረሪ መልዕክት መላክ የሚችለው በደረጃ 0 ብቻ ስለሆነ፣ ሳያውቁ የሚጠቀሙበት ሰዎች የሌለ ዋስትና እንዳላቸው አድርገው ሊያስቡ ይችላሉ። ዋስትናው ከመሣሪያው እስከ ብሮከሩ፣ ከብሮከሩም እስከ ደንበኛው ለየብቻው የሚሰጥ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። የስክሪኑ ፕሮግራም በደረጃ 0 ከተመዘገበ ሴንሰሩ በደረጃ 1 መላኩ በመጨረሻው እግር ላይ አይጠቅመውም።

ወደ ተነሣንበት ዝምታ እንመለስ። መሣሪያው ከብሮከሩ ጋር ሲገናኝ ሳልናገር የምቆየው ቢበዛ ይህን ያህል ሴኮንድ ነው ብሎ ቃል ይገባል። ይህ ኪፕ አላይቭ ይባላል፤ እስከ 65,535 ሴኮንድ፣ ማለትም 18 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ሊደርስ ይችላል። የሚልከው ንባብ ባይኖረውም ጊዜው ሳያልፍ 2 ባይት የሆነች «አለሁ» የምትል ፓኬት ይልካል። ብሮከሩ ከተገባው ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ጠብቆ ምንም ካልሰማ ግንኙነቱን ይዘጋዋል፤ ቃሉ 60 ሴኮንድ ከሆነ 90 ሴኮንድ መሆኑ ነው።

የፕሮቶኮሉ ብልሃት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። መሣሪያው ገና ሲገናኝ ኑዛዜውን ለብሮከሩ ያስረክባል። «ሳልሰናበት ከጠፋሁ ይህን መልዕክት በዚህ ርዕስ ሥር አንብብልኝ» ማለት ነው፤ ስሙም በእንግሊዝኛው በቀጥታ ኑዛዜ ነው። ፍሪጃችን «ጤና/ፍሪጅ/3/ሁኔታ» በሚለው ርዕስ «የለም» የሚል ኑዛዜ ቢያስቀምጥ፣ መብራት በጠፋ በ90 ሴኮንድ ውስጥ በከተማ ያለው ስክሪን ይህን ያሳያል። መሣሪያው በሥርዓት ተሰናብቶ ከወጣ ኑዛዜው ይሰረዛል። በእትም 5.0 ደግሞ ኑዛዜው ከመነበቡ በፊት የተወሰነ ጊዜ እንዲዘገይ ማድረግ ስለሚቻል፣ መስመሩ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ባለሙያውን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ይቀራል።

ከኑዛዜው ጋር አብሮ የሚሠራው ተቀማጭ መልዕክት ነው። ላኪው «ይቀመጥ» የሚል ምልክት ካደረገበት ብሮከሩ በዚያ ርዕስ የመጣውን የመጨረሻ መልዕክት ይዞ ለአዲስ ደንበኛ ወዲያውኑ ይሰጠዋል። ለሁኔታ ርዕስ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ጠዋት ኮምፒውተሩን የከፈተ ሰው ሌሊት የተነበበውን ኑዛዜ ያገኘዋል። ለሙቀት ንባብ ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል። ከሦስት ቀን በፊት የተላከው 5.2 ዛሬ ለተመዘገበ ደንበኛ እንደ ትኩስ ንባብ ይቀርብለታል። ስለዚህ የተለካበት ሰዓት በመልዕክቱ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ሰዓት ሲባል ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። እንደ ኢኤስፒ32 ያሉት ርካሽ ቺፖች መብራት ሲጠፋ ሰዓታቸውን ይረሳሉ፤ ሲነሡ ዘመኑን 1970 አድርገው ይቆጥራሉ። ከክላውድ ጋር የሚደረገው ግንኙነት በምስጢር ኮድ የተጠበቀ መሆን ስላለበት (የተለመደው የወደብ ቁጥር 8883 ነው) መሣሪያው የብሮከሩን የዲጂታል ሰርተፊኬት መመርመር ይኖርበታል። በ1970 ላለ መሣሪያ ግን ሰርተፊኬቱ ገና ያልተጻፈ ስለሚሆን ግንኙነቱን እምቢ ይላል። መፍትሔው አስቀድሞ ከኢንተርኔት የሰዓት አገልጋይ ሰዓት መጠየቅ ነው። የሚላከውም ሰዓት ዓለም አቀፉ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት የሚለውን የእኛን አቆጣጠር ለማሳየት ስክሪኑ ቢያሰላው ይበቃል። አለበለዚያ የእኛ 6 ሰዓትና የፈረንጆቹ 6 ሰዓት ተደባልቀው ፍሪጁ መቼ እንደሞቀ የሚያውቅ ይጠፋል።

በባትሪ የሚሠራ ሴንሰር ሲሆን ኑዛዜም አይረዳም። ኢኤስፒ32 በጥልቅ እንቅልፍ ላይ እያለ የሚፈጀው 10 ማይክሮአምፒር አካባቢ ሲሆን በዋይፋይ ሲልክ ከ100 ሚሊአምፒር በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ነቅቶ፣ ልኮ፣ ተሰናብቶ መተኛት ይኖርበታል። ተሰናብቶ ሄዷልና ባትሪው ቢያልቅ ኑዛዜ የለውም። በዚህ ጊዜ በክላውዱ በኩል ያለው ፕሮግራም ራሱ ሰዓት ቆጥሮ «ከዚህ ፍሪጅ ካልሰማሁ 30 ደቂቃ አለፈ» ማለት መቻል አለበት።

የክላውድ መድረክ ሲመረጥ የኤምኪውቲቲን ስም የያዘ ሁሉ ሙሉ ብሮከር ነው ማለት አይደለም። አዡር አይኦቲ ሃብ የርዕሶቹን ስም ራሱ ስለሚወስን በራሳችን የሰየምነው ርዕስ በዚያ አይሠራም። ጉግል ደግሞ አይኦቲ ኮር የተሰኘውን አገልግሎቱን የአንድ ዓመት ያህል ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 2023 ዘግቶታል። ፕሮቶኮሉ የጋራ ደረጃ በመሆኑ ወደ ሌላ ብሮከር መዛወር ይቻላል፤ ነገር ግን አድራሻው፣ ሰርተፊኬቱና ርዕሱ በፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፈው ከቀሩና ከሩቅ የሚለወጡበት መንገድ ካልተዘጋጀ፣ በየጤና ጣቢያው እየዞሩ እያንዳንዱን መሣሪያ መክፈት ግድ ይሆናል።

መሣሪያው ከመተከሉ በፊት ሁለት ፈተናዎች ቢደረጉበት መልካም ነው። አንደኛው የኤሌክትሪክ ገመዱን መንቀልና ሰዓት ይዞ መቁጠር ነው፤ 90 ሴኮንድ ሳያልፍ «የለም» የሚለው ቃል በስክሪኑ ላይ ሊታይ ይገባል። ሁለተኛው ኤሌክትሪኩን ሳይነኩ የሴንሰሩን ሽቦ ብቻ ከቺፑ መንቀል ነው። በዚህኛው ብሮከሩ ምንም ጉድለት አያይም፤ ቺፑ «አለሁ» ማለቱን ይቀጥላል። በሰፊው የሚሠራበት ዲኤስ18ቢ20 የተባለው የሙቀት ሴንሰር ገና ኤሌክትሪክ ሲያገኝ፣ ከመለካቱ በፊት የሚይዘው ቁጥር 85 ዲግሪ ነው፤ የተለመደው የአርዱይኖ ላይብረሪም ሴንሰሩን ሲያጣው ከዜሮ በታች 127 ብሎ ይመልሳል። 127 ዲግሪ ከዜሮ በታች የወረደ ፍሪጅ የለም፤ ይህን ቁጥር ሲያይ ንባቡን ትቶ «ሴንሰር የለም» የሚል መልዕክት እንዲልክ መሣሪያውን ማዘዝ የፕሮግራሙ ጸሐፊ ሥራ ነው።