ለአነስተኛ መንጋ የሚሆን ኮርማ፤ አመራረጡ፣ አያያዙና የሚለወጥበት ጊዜ

አንዲት ላም በዓመት ቢበዛ አንድ ጥጃ ትሰጣለች፤ በመንጋው የሚወለዱት ጥጆች ሁሉ አባት ግን አንዱ ኮርማ ነው። በመሆኑም 10 ወይም 15 ላሞች ያሉት ማኅበር በኮርማው ቢሳሳት፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ጊደሮቹ ወልደው ሲታለቡ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ምርጫ

በሬ በሚጠመድበት አገር መልካም ቁመና ያለው ወይፈን ለእርሻ ተብሎ ይቀጠቀጣል። ላሞቹን የሚያጠቃው እንግዲህ ከምርጫ የተረፈው ይሆናል፤ ዘሩም እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ የተሻለው ወይፈን ሳይቀጠቀጥ ለዘር እንዲቀር የልማት ሠራተኛው ከአባላቱ ጋር መምከር አለበት። ባለቤቱ የእርሻ በሬ ስለሚቀርበት፣ ማኅበሩ ምን እንደሚተካለት አስቀድሞ ካልወሰነ ምክሩ ፍሬ አይኖረውም።

የሚመረጠው ወይፈን እናቱ ደኅና የምትታለብና ሳታቋርጥ የምትወልድ፣ እግሩ የጸና፣ ሁለቱም ቆለጦቹ የወረዱና የተመጣጠኑ ሊሆን ይገባል።

አያያዝ

ኮርማው ከላሞቹ ጋር ከዋለ ላሚቱ የተጠቃችበት ቀን አይታወቅም። ስለዚህ ለብቻው እየተቀለበ፣ የደራችው ላም ወደ እርሱ ትምጣ፤ ቀኑም ይመዝገብ። የእርግዝናው ጊዜ 9 ወር ከ10 ቀን ያህል ነው። ላሚቱ በ21 ቀን ገደማ ተመልሳ ከደራች አልያዘችም ማለት ነው። አንዲት ብትመለስ ችግሩ የላሟ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ከተመለሱ ግን ኮርማው በእንስሳት ሐኪም ይመርመር። የዘር ፍሬ ለመብሰል 2 ወር ያህል ስለሚፈጅ፣ ብርቱ ትኩሳት ይዞት የዳነ ኮርማ ለጥቂት ጊዜ ላያስረግዝ ይችላል።

ድርቆሽ፣ ለምለም ሣር፣ ንጹሕ ውኃና ጨው አይጓደልበት፤ ሥራ ሲበዛበት ፉሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ይጨመርለት። ከልክ በላይ ግን አይወፍር።

ገራም የሚባለውም ኮርማ ሰው ሊገድል ይችላል። ሕፃናት አይጠብቁት፤ ጠባቂውም ጀርባውን አይስጠው። የአፍንጫ ቀለበት ማድረግም ይረዳል።

መለወጥ

ኮርማው ከገባ ከ9 ወር በኋላ ልጆቹ መወለድ ይጀምራሉ። በደኅና ቀለብ ያደጉ የተዳቀሉ ጊደሮች በ1 ዓመት ተኩል ገደማ፣ አንዳንዶቹም ቀደም ብለው ይደራሉ። ስለዚህ በተዳቀለ መንጋ ኮርማው 2 ዓመት እንደሞላው ይውጣ። የአገር ዘር ጊደሮች ስለሚዘገዩ በዚያ መንጋ እስከ 3 ዓመት ሊቆይ ይችላል። አባት ልጁን ካጠቃ ጥጆቹ ደካሞች፣ ጊደሮቹም ለመውለድ የሚቸገሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

አዲስ ኮርማ ለመግዛት አቅም ባይኖር፣ ሁለት ጎረቤት ማኅበራት ዝምድና የሌላቸውን ኮርማዎቻቸውን ይለዋወጡ። ከልውውጡ በፊት ግን ሁለቱም ለውርጃ በሽታ ይመርመሩ፤ በሽታው ወደ ሰውም ይተላለፋልና።

እንግዲህ በማኅበሩ መዝገብ ኮርማው የገባበት ቀን፣ የሚወጣበት ቀንና የሚተካው ኮርማ የሚገኝበት ቦታ ከወዲሁ እንዲጻፍ እናሳስባለን።