ለመደርደሪያ ጥብቅና

የቁም ሳጥን ውበቱ ከደጅ ነው ይባላል፤ መስተዋቱ፣ እጀታው፣ ቀለሙ። ዓመቱን ሙሉ የሚሸከመውን የውስጥ መደርደሪያ ግን አንድ ሌሊት ከነብርድ ልብሱ ዘጭ እስኪል ድረስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሲወድቅ ደግሞ ፍርዱ ፈጣን ነው፦ «ድሮስ ቺፕውድ! ዋንዛ ቢሆን ኖሮ…»

ዋንዛን እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን የሰው ቤት ሄጄ የወደቀ መደርደሪያ ካየሁ አንሥቼ ሳላገላብጠው አልወጣም፤ ከነዚህ ውስጥ ጣውላው ራሱ የተሰበረ እምብዛም አይገጥመኝም። የተሰበረው ማረፊያው ነው።

ቺፕውድ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተለውሶ፣ በሙቀትና በኃይለኛ ግፊት ተጠፍጥፎ የሚሠራ ነው። ሁለት ፊቶቹ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ መሐሉ ግን ሻካራና ልል ነው። ስለዚህ ብሎን በፊቱ ሲገባ ደህና ይይዛል፣ በጠርዙ ሲገባ ያንን ልል መሐል ብቻ ያገኛል። መደርደሪያው መነቃነቅ ሲጀምር ታዲያ ሰዉ የሚያደርገው ምንድን ነው? እዚያው አጠገቡ ሚስማር ይጨምራል። ካልያዘም ሌላ። ጠርዙ እንደ ደረቀ አምባሻ ተፈርፍሮ ያልቃል። እባካችሁ፣ መዶሻውን አስቀምጡት።

ጥገናው ቀላል ነው። 2 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ እንጨት ከግራና ከቀኝ ጎን፣ ከተቻለም ከኋላ ይመታል፤ መደርደሪያው በላዩ ይጋደማል። ክብደቱ ከብሎኑ ጫፍ ላይ ወርዶ በእንጨቱ ርዝመት ሙሉ ይከፋፈላል ማለት ነው። የጎኑ ቺፕውድ ውፍረቱ 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 30 ሚሊ ሜትር ብሎን ይበቃል፤ ከዚያ የረዘመ በጎረቤት በኩል ብቅ ሊል ይችላል። ቀድሞ በቀጭኑ መብሳት ግድ ነው። የሚያብለጨልጨው ልባስ ላይ ተራ የእንጨት ኮላ ስለማይዝ ቦታውን መፋቅ አይዘንጋ። ቁም ሳጥኑ ከብሎኬት ግድግዳ ጋር አብሮ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ፊሸሩ የብሎኬቱን ባዶ ሆድ እንዳያገኝ ተጠንቀቁ፤ እዚያ ውስጥ ሲሽከረከር ይውላል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ወደ መሐሉ መስመጥ።

ሰፊ መደርደሪያ መሐሉ ጎበጥ ሲል ብዙዎች ገልብጠው ይከቱታል። ለጊዜው ቀጥ ይላል። ቺፕውድ ግን ሸክም ከላዩ ካልወረደ ክብደቱ ባይጨምርም ቀስ በቀስ መስመጡን አያቆምምና ከወራት በኋላ በሌላው ፊት ይጎብጣል። ሌሎች ወፍራም ጣውላ ሊገዙ ይሮጣሉ። ወፍራም መልካም ነው፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ዋጋውም አብሮ ይወጣል እንጂ!

አንድ አናጢ ዘንድ ወፍራም ጣውላ ፍለጋ ገብቼ ሊሸጥልኝ እንቢ ብሎኛል። በምትኩ ከጥግ አንድ ቀጭን እንጨት አነሣና በሁለት ድንጋይ መካከል አጋድሞ ተጫንበት አለኝ፤ ጎበጠ። ያንኑ እንጨት በጠርዙ አቆመና ድገም አለኝ፤ ንቅንቅ አላለም። 2 በ4 የሆነ እንጨት ተኝቶ ከሚሸከመው ይልቅ በጠርዙ ሲቆም መጉበጥን አራት እጥፍ ይቋቋማል። ያው እንጨት ነው፣ ያው ዋጋ ነው፤ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው። ይህ ትንሽ እንጨት ከመደርደሪያው የፊት ጠርዝ ሥር ቆሞ በኮላና በብሎን ሲያያዝ፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ካለው 18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ያላነሰ ጉብጠትን ይከላከላል። ቺፕውድ በመጠኑ ሲታይ ከደህና እንጨት ይልቅ በቀላሉ ይለመጣልና። ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ሞራሌውን በጠርዙ አቁሞ ጣሪያ ይሸከምበታል፤ ቁም ሳጥኑ ጋ ሲደርስ ግን ይረሳዋል።

በመሐል አንድ ቋሚ ድጋፍ ማስገባት ከሁሉ ይበልጣል። ባዶው ርዝመት በግማሽ ሲያጥር፣ ሸክሙ እኩል ከተዘረጋ፣ ጉብጠቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ታች ያለውን የልብስ መስቀያ ቦታ ይከፍለዋል ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ፤ ይከፍለዋል።

አደረዳደርም አለ። ከባዱ ቡልኮና መጽሐፍ ወደ ጎኖቹ ይጠጋ፣ መሐሉ ለነጠላና ለሻርፕ ይተው። ሰው ግን ከውጭ የመጣውን 23 ኪሎ ሻንጣ እንዳለ አንሥቶ፣ ያውም ወርወር አድርጎ፣ መሐል ለመሐል ያስቀምጠዋል። ከዚያ ቺፕውዱ ይረገማል። ኮላው እስኪደርቅ አንድ ቀን ባዶውን ይዋል ይደር፤ ሻንጣው ከዚያ በኋላም ወለሉ ላይ ይቅር።